የጠርሙሱ ቀለም ከወዴት መጣ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



  እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከሱሉልታ የመጣን ልጆች ነን። እነዚህ ሦስት ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም፥ አዲስ አበባን እንደ መቀነት ከበው የሚገኙ ስለ ሆኑ ከዚያም በፊት ጎረቤታሞች ነበሩ። ዛሬ የምንናገረውም፥ ነገሩን አስቀድመን ለመግለጽ ያህል፥ ስለ ጎረቤት ነው።

በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሰባት ጠርሙሶች ተደርድረው ታያላችሁ። በፊተኛው ውስጥ መዳብ በውሃ ሟሙቶ ይገኛል፤ ቀለሙ ሰማያዊ ነው። ሁለተኛው ኒኬል ነው፤ አረንጓዴ ነው። ሦስተኛው ኮባልት ነው፤ ሮዝ ነው። በአራተኛው ያለው ብርቱካንማ ቀለም ዳይክሮሜት ይባላል። በአምስተኛው ያለውን ሐምራዊ ውሃ ቁስል ለማጠቢያ ሲያገለግል ያያችሁት ትኖራላችሁ፤ ፐርማንጋኔት ይባላል። ስድስተኛው ባዶ ውሃ ይመስላል፤ ነገር ግን ዚንክ ሟሙቶበታል። ሰባተኛው ከላቦራቶሪ የመጣ አይደለም፤ ከአንድ ግቢ ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ነው፤ ከበታቹም ቡናማ ዝቃጭ ይታያል።

ነገራችንን ከዚሁ ከሰባተኛው ጠርሙስ እንጀምር። ባለፈው በጋ ከክፍላችን ልጆች የአንዱ እናት፥ ከጎረቤታቸው ጋር በጋራ ከሚጠቀሙበት ጉድጓድ ማታ አንድ ጀሪካን ውሃ ቀድተው አስቀመጡ። ውሃው ሲቀዳ እንደ መስተዋት የጠራ ነበር። ሲነጋ ግን በብርጭቆ ቢቀዱት ደፍርሶና ቡናማ ሆኖ ተገኘ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ነጭ ነጠላ ቢያጥቡበት ነጠላውን ቢጫ አደረገው። እናቲቱም፥ “ውሃው ማታ ደኅና ነበረ፤ ሌሊት እጅ ካልገባበት በቀር እንዲህ አይሆንም” ብለው ግቢ የሚጋሯቸውን ጎረቤታቸውን ጠረጠሩ። ጎረቤቲቱም ይህን በሰሙ ጊዜ እጅግ አዘኑ። ለብዙ ዓመታት አብረው ቡና ይጠጡ የነበሩ ሁለት እናቶች ቡናቸውን ለየብቻ ማፍላት ጀመሩ።

ጓደኛችን ይህን በክፍል ውስጥ በነገረን ጊዜ፥ እኛ ለፈተና ስንዘጋጅ “መዳብ ሰማያዊ፥ ኒኬል አረንጓዴ፥ ብረት ቡናማ” እያልን በቃላችን እንሸመድድ ነበር። ስለዚህ ከመካከላችን አንዱ ፈጥኖ፥ “ብረት ነዋ!” አለ። “ብረት ከሆነ ታዲያ ማታ ለምን አልታየም?” ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልስ የሰጠ አልተገኘም። አባቶቻችን “ከመጠምጠም መማር ይቅደም” ያሉት ለካ ለእኛ ኖሯል። የቀለሙን ስም አጥንተን ምክንያቱን ሳናውቅ ጠምጥመን ነበርና አፈርን። ይህ ንግግር የተወለደው ከዚያ እፍረት ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ቀለም ማለት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የፀሐይ ብርሃን ነጭ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ብርሃናት የተደባለቁበት ነው። አይዛክ ኒውተን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1672 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ነጭ ብርሃን በሦስት ማዕዘን መስተዋት ውስጥ ሲያልፍ ከቀይ እስከ ሐምራዊ ባሉት ቀለሞች እንደሚከፋፈል አስረዳ። በክረምት ከወጨጫ ተራራ ወይም ከእንጦጦ በላይ የምናየው ቀስተ ደመናም ይኸው ነው፤ በዚያ የመስተዋቱን ሥራ የሚሠራው የዝናቡ ጠብታ ነው። ዓይናችን ሊያየው የሚችለው ብርሃን የሞገዱ ርዝመት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ነው። አንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮን ናኖሜትር ስለ ሆነ ይህ ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ ገምቱ። ሐምራዊው አጭሩ ሞገድ ነው፤ ኃይሉም ብርቱ ነው። ቀዩ ረጅሙ ሞገድ ነው፤ ኃይሉም ደከም ያለ ነው።

አሁን በቀይ ወረቀት የተሸፈነውን የእጅ ባትሪ በመዳቡ ጠርሙስ ላይ እናበራለን። እንደምታዩት ቀዩ ብርሃን ወደ ማዶ ለማለፍ ይቸገራል። በሰማያዊ ወረቀት የተሸፈነውን ስናበራ ግን ያለ ችግር ያልፋል። ስለዚህ ሰማያዊው ጠርሙስ ሰማያዊ ብርሃን የሚያመነጭ አይደለም። ከነጩ ብርሃን ላይ ቀዩን ለራሱ ወስዶ የቀረውን ለእኛ የሚሰጥ ነው። ቀለም ማለት ከተወሰደው የተረፈው ብርሃን ነው። ቀዩን የወሰደ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ አረንጓዴውን የወሰደ ሐምራዊ ይመስላል፤ ሐምራዊውንና ሰማያዊውን የወሰደ ቢጫ ወይም ቡናማ ይሆናል። ምንም ያልወሰደ፥ ወይም ዓይናችን ከማያየው ብርሃን ብቻ የወሰደ፥ እንደ ስድስተኛው ጠርሙስ ቀለም የለሽ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ጥያቄ ይህ ነው፦ መዳቡ ቀዩን የሚወስደው ለምንድን ነው? በቃላችን እንዳጠናነው “መዳብ ሰማያዊ ስለ ሆነ ነው” ብንል መልስ አይሆንም፤ ሐሰትም ይሆናል። እነሆ፥ ሰማያዊውን የመዳብ ሰልፌት ድንጋይ በእሳት ላይ ስናሞቀው ውሃው ተንኖ ነጭ ዱቄት ሆነ። መዳቡ እዚያው አለ፤ የሄደ መዳብ የለም፤ ሰማያዊነቱ ግን ጠፍቷል። አሁን ጥቂት ጠብታ ውሃ እናፈስስበታለን። ወዲያው ሰማያዊ ሆነ፤ ቱቦውም ሞቀ። ቀጥለን ከሟሟው መዳብ ላይ አሞኒያ ጠብ ጠብ ስናደርግበት በመጀመሪያ ደመና የመሰለ ነገር ይታያል፤ ስንጨምርበት ደግሞ ደመናው ጠፍቶ እንደ ሌሊት ሰማይ የጠለቀ ሰማያዊ ይሆናል። መዳቡ አንድ ነው፤ የተለወጡት ጎረቤቶቹ ናቸው። ውሃው ሲለየው ነጭ፥ ከውሃ ጋር ሲሆን ፈዛዛ ሰማያዊ፥ ከአሞኒያ ጋር ሲሆን ጥልቅ ሰማያዊ ሆነ።

የብረት አዮን በውሃ ውስጥ ብቻውን እንደማይኖርና የተወሰነ ቁጥር ባላቸው ጎረቤቶች ተከቦ እንደሚገኝ ያስረዳው አልፍሬድ ቬርነር የተባለ በዙሪክ ያስተምር የነበረ ሊቅ ነው። ሐሳቡን በ1893 አቀረበ፤ ስለዚህም ሥራው በ1913 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። (ከእንግዲህ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እነዚህን ጎረቤቶች ኬሚስቶች ሊጋንድ ይሏቸዋል። ብዙውን ጊዜ ስድስት ናቸው፤ ከላይ፥ ከታች፥ ከቀኝ፥ ከግራ፥ ከፊትና ከኋላ ሆነው አዮኑን ይከብቡታል።

ከዚያም ሐንስ ቤቴ የተባለ ጀርመናዊ በ1929 ጎረቤቶቹ በአዮኑ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ በሒሳብ አስረዳ። እኛ ሒሳቡን ትተን በምሳሌ እንናገረዋለን። መዳብ፥ ኒኬል፥ ኮባልት፥ ክሮሚየም፥ ማንጋኒዝ፥ ብረት የመሳሰሉት የሽግግር ብረቶች ዲ የሚባሉ አምስት የኤሌክትሮን ክፍሎች አሏቸው። በእያንዳንዱ ክፍል ከሁለት ኤሌክትሮን በላይ አይገባም። አዮኑ ብቻውን ቢሆን አምስቱ ክፍሎች እኩል ናቸው፤ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። ስድስቱ ጎረቤቶች ሲመጡ ግን እኩልነቱ ይፈርሳል። ከአምስቱ የሁለቱ ክፍሎች በር በቀጥታ ወደ ጎረቤቶቹ የሚያይ ነው፤ የሦስቱ በር ደግሞ በጎረቤቶቹ መካከል ወዳለው ባዶ ቦታ ያያል። ኤሌክትሮንም ነጌቲቭ ነው፤ ወደ እርሱ የዞረው የጎረቤቱ ፊትም ነጌቲቭ ነው፤ ሁለቱ ይገፋፋሉ። ስለዚህ በጎረቤት ፊት ለፊት ባሉት በሁለቱ ክፍሎች መኖር ብዙ ኃይል የሚጠይቅ ይሆናል፤ ሦስቱ ዝቅ ይላሉ። ቀድሞ ሜዳ የነበረው ቤት ምድር ቤትና ፎቅ ይሆናል ማለት ነው።

በምድር ቤት ያለ ኤሌክትሮን ፎቅ ላይ ቦታ ካለ ሊወጣ ይችላል። ነገር ግን ግማሽ ደረጃ የለም። የሚያወጣውን ያህል፥ ሳይጎድልና ሳይተርፍ፥ ከብርሃን መቀበል አለበት። የሚቀበለውም ብርሃን ከነጩ ላይ ተቀንሶ ይቀራል፤ እኛም የተረፈውን አይተን “ቀለም” እንላለን። ከሁሉ ቀላሉ ምሳሌ ቲታኒየም ነው፤ በሦስት ፖዘቲቭ ቻርጁ ጊዜ አንድ ብቻ የዲ ኤሌክትሮን አለው። ይህ አንዱ ኤሌክትሮን ለመውጣት 500 ናኖሜትር ገደማ ያለውን አረንጓዴ ብርሃን ይወስዳል፤ ውሃውም ሐምራዊ ይሆናል። በ1951 ኢልዘና ሐርትማን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሊቃውንት ይህ የቲታኒየም ቀለም በቤቴ ሐሳብ እንደሚገለጽ አሳዩ። እንግዲህ ከ1929 እስከ 1951 ሃያ ሁለት ዓመት ያህል የኬሚስቶች ቀለምና የፊዚክስ ሰዎች ሒሳብ በአንድ ሠፈር ሲኖሩ በደንብ ሳይተዋወቁ ቆዩ ማለት ነው።

የመዳቡ ነገር አሁን ግልጽ ይሆናል። ውሃ ጎረቤት ሲሆን ግፊያው ለዘብ ያለ ነው፤ ፎቁም ዝቅተኛ ነው። መዳቡ አብዝቶ የሚወስደው 800 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን፥ ዓይን የማያየውን ብርሃን ነው፤ ከሚታየው ቀዩን ብቻ ይነካል። ስለዚህ ፈዛዛ ሰማያዊ ሆነ። አሞኒያ ግን ብርቱ ጎረቤት ነው፤ ፎቁን ከፍ ያደርገዋል፤ የሚወሰደውም 600 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ብርቱካንማ ብርሃን ይሆናል። ስለዚህ ቀለሙ ጠለቀ። ዚንክ ደግሞ አምስቱም ክፍሎቹ በአሥር ኤሌክትሮን ሞልተዋል፤ ፎቁ ላይ ቦታ ስለሌለ የሚወጣ የለም፤ ስለዚህ ቀለም የለውም።

ከወላጆቻችን መካከል፥ “ልጆቼ፥ ኤሌክትሮኑ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ቀለሙ ለምን አያልቅም?” ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ጥያቄው መልካም ነው። ኤሌክትሮኑ በፎቁ ላይ አይቆይም። እጅግ ባጠረ ጊዜ ውስጥ ይመለሳል፤ የተቀበለውንም ኃይል በሙቀት መልክ ለአካባቢው ውሃ ያካፍላል። ከዚያ እንደ ገና ይቀበላል። ስለዚህ ጠርሙሱ በመስኮት አጠገብ ስንት ዓመት ቢቀመጥ ሰማያዊነቱን ይጠብቃል።

ጎረቤት ቀለምን እንደሚለውጥ ከአገራችን ሀብት ሁለት ምሳሌ እንጨምር። በጉጂ ከሻኪሶ አካባቢ የሚወጣው ኤመራልድ የተባለው ዕንቍ አረንጓዴ ነው። ለኤመራልድ አረንጓዴነት የሚሰጠው ክሮሚየም ወይም ቫናዲየም ነው። ይኸው ክሮሚየም በሌላ ድንጋይ ውስጥ፥ የኦክስጅን ጎረቤቶቹ ቀረብ ብለው ሲገፉት፥ ሩቢ የተባለውን ቀይ ዕንቍ ይሠራል። አንድ አዮን፥ ያው ሦስት ኤሌክትሮን፥ በአንዱ ቤት አረንጓዴ፥ በሌላው ቤት ቀይ! ሁለተኛው ምሳሌ በጠረጴዛው ጫፍ ያለው ቁራጭ ቆዳ ነው። በቆዳ ፋብሪካ በክሮሚየም የለፋ ቆዳ ገና ሳይቀባ ሰማያዊ መልክ ይይዛል፤ ነጋዴዎቹም ስለዚህ ዌት ብሉ ይሉታል። ማንም ሰማያዊ ቀለም አልነከረውም፤ ከቆዳው ጋር የተጣመረው ክሮሚየም ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ስሕተት ሠርተናልና ሳንደብቅ እንናገራለን። ይህን ንግግር በመጀመሪያ ጽፈን ለመምህራችን ስናሳይ፥ “የቀለም ሁሉ ምክንያት ኤሌክትሮን ከምድር ቤት ወደ ፎቅ መውጣቱ ነው” ብለን ነበር። መምህራችንም ምንም ሳይሉ ወደ አምስተኛው ጠርሙስ አመለከቱና፥ “በፐርማንጋኔት ውስጥ ያለው ማንጋኒዝ ስንት የዲ ኤሌክትሮን አለው?” አሉን። ቈጠርን። አንድም የለውም! ቻርጁ ሰባት ነው፤ ቤቱ ባዶ ነው። በአንጻሩም ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ማንጋኒዝ አምስት ኤሌክትሮን ሳለው ቀለሙ በጣም ከመፍዘዙ የተነሣ አይታይም ለማለት ይቻላል። ሕጋችን እንደሚለውማ ባዶው ቀለም የለሽ፥ አምስት ያለው ባለቀለም ሊሆን ይገባ ነበር። በጠረጴዛው ላይ ያለው እውነት ግን ተቃራኒው ሆነ።

ስለዚህ እንደ ገና ተቀምጠን ተማርን። በሁለት ፖዘቲቭ ማንጋኒዝ ውስጥ አምስቱ ኤሌክትሮኖች በአምስቱ ክፍሎች አንድ አንድ ሆነው፥ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ እየዞሩ ይኖራሉ። አንዱ ወደ ሌላው ክፍል ልግባ ቢል በዚያ ያለው በእርሱ አቅጣጫ የሚዞር ነውና ሁለቱ አብረው ሊሆኑ አይችሉም፤ ለመግባት አዟዟሩን መለወጥ አለበት። ብርሃን ደግሞ ይህን ለውጥ በቀላሉ አያደርግም። ስለዚህ መውጣቱ እምብዛም አይሆንም፤ ቀለሙም የሮዝ ጥላ ብቻ ይሆናል። በፐርማንጋኔት ውስጥ ግን የሚዘልለው የማንጋኒዙ ኤሌክትሮን አይደለም፤ የጎረቤቱ የኦክስጅን ኤሌክትሮን ነው። ከጎረቤት ግቢ ወደ ባዶው ቤት ይሻገራል። ይህ ሲሆን 525 ናኖሜትር አካባቢ ያለው አረንጓዴ ብርሃን በብዛት ይወሰዳል፤ ሐምራዊ ቀለም ይቀራል። ይህን ኬሚስቶች የቻርጅ ዝውውር ይሉታል። ከፎቅና ምድር ቤቱ መውጣት እጅግ የበረታ ስለ ሆነ ጥቂት ቅንጣት ፐርማንጋኔት አንድ ባልዲ ውሃ ታቀላለች። በአራተኛው ጠርሙስ ያለው የዳይክሮሜት ብርቱካንማነትም ምክንያቱ ይኸው ነው።

ይህን ከተማርን በኋላ ወደ ሰባተኛው ጠርሙስ ተመለስን። በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አየር አይደርስም። በዚያ ያለው ብረት ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ፥ በውሃ ጎረቤቶች ተከቦ ይኖራል። እርሱ አብዝቶ የሚወስደው ዓይን የማያየውን ብርሃን ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሲሆን ፈዛዛ አረንጓዴ፥ በጉድጓድ ውሃ ውስጥ እንደሚገኘው ጥቂት ሲሆን ደግሞ ጨርሶ የማይታይ ነው። ውሃው ተቀድቶ አየር ሲያገኝ ግን ኦክስጅን ከብረቱ አንድ ኤሌክትሮን ይወስዳል፤ ቻርጁ ሦስት ይሆናል። ሦስት ቻርጅ ያለው ብረት በተራ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ለመኖር አይመቸውም፤ ከኦክስጅንና ከሃይድሮክሳይድ ጋር ተያይዞ ዝገት የመሰለ ቅንጣት ሆኖ ይዘቅጣል። በእነዚህ አዲስ ጎረቤቶች መካከል ከኦክስጅን ወደ ብረት የሚደረገው የኤሌክትሮን ዝውውር ሐምራዊውንና ሰማያዊውን ብርሃን ይበላል፤ ቡናማው ይቀራል። እንግዲህ ማታ ውሃው ንጹሕ መስሎ የታየው ብረት ስላልነበረበት አይደለም። ብረቱ ነበረ፤ ቻርጁና ጎረቤቱ ሌላ ስለ ነበሩ ነው እንጂ።

ይህንንም በወሬ ብቻ አልተውነውም። ከጓደኛችን ጋር ወደዚያ ግቢ ሄድን፤ ሁለቱንም እናቶች ለምነን በአንድነት ጉድጓዱ አጠገብ አቆምናቸው። በፊታቸው ከጉድጓዱ ቀድተን አንዱን ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተን አየር እንዳይገባ አጥብቀን ከደንነው፤ ሌላውን በሰፊ ሳህን ላይ ገልጠን ተውነው። ከቀረው ላይ ጥቂት በወፍራም ሻይ ውስጥ ብንጨምርበት ሻዩ እንደ ቀለም ጠቆረ፤ ይህም በሻይ ቅጠል ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ጋር ሲያያዝ የሚሆን ነው። በማግስቱ ስንመለስ የተከደነው እንደ ጠራ ነበር፤ የተገለጠው ቡናማ ሆኗል። ሁለቱንም ጠርሙሶች ያሳደሩት እናቲቱ ራሳቸው ነበሩ፤ የጎረቤት እጅ አልገባም። እናቲቱ ዝም ብለው ቆዩና ወደ ጎረቤታቸው ዞረው፥ “እትዬ፥ ይቅር በይኝ፤ አየሩን ትቼ አንቺን ከሰስሁ” አሉ። በዚያ ቀን ቡናው በአንድ ረከቦት ተቀርቦ እኛም ጠጣን።

ከዚህ በኋላ በየመንገዳችን የምናየው ሁሉ ሌላ ሆነብን። በቡራዩና በሰበታ ተዳፋት ላይ ያለው ቀይ አፈር ብረት ከኦክስጅን ጋር የተጎራበተበት ነው። በክረምት ውሃ በሚተኛበት በሱሉልታ ሜዳ አፈሩን ቆፍረው ቢያዩት ግን ግራጫ መልክ የሚታይበት ቦታ አለ፤ በዚያ አየር ስለሚያጥር ብረቱ ወደ ሁለት ቻርጁ ይመለሳል፤ ቀይነቱም ይጠፋል። ሆኖም ቀይ ያየነውን ሁሉ ብረት ነው እንዳንል መጠንቀቅ ይገባናል። ቀይ ጤፍ ቀይ የሆነው በብረት ነው ሲባል እንሰማለን። የጤፉ ቅላት ከቅርፊቱ የዕፅዋት ቀለም የመጣ ነው፤ በጤፍ ላይ ከሚለካውም ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ የተደባለቀ አፈር መሆኑን ተመራማሪዎች አሳይተዋል።

አሁን ወደ ንግግራችን ፍሬ ደርሰናል። እኛ በከተማችን ውሃን የምንፈርደው በዓይናችን ነው፤ የደፈረሰውን እንጥላለን፥ የጠራውን እናምናለን። የሰባተኛው ጠርሙስ ብረት ግን ይበልጡን ልብስንና ጣዕምን የሚያበላሽ ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በሊትር ከ0.3 ሚሊግራም በላይ ሲሆን የሚታጠበውን ልብስ ያቀልማል። በአንጻሩ በስምጥ ሸለቆ፥ በወንጂና በሌሎችም ቦታዎች፥ የሰዎችን ጥርስና አጥንት የጎዳው ፍሎራይድ ቀለም የለውም። እርሱ የሽግግር ብረት አይደለም፤ የሚዘልል የዲ ኤሌክትሮን ስለሌለው ከሚታየው ብርሃን ምንም አይወስድም። ለመጠጥ ውሃ የተወሰነው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ዓይን ግን አንዱን ሚሊግራም ከአሥሩ ሊለይ አይችልም። እርሳስም በውሃ ሲሟሟ ቀለም የለውም። የአዲስ አበባን ከተማ አቋርጦ የሚወርደው የአቃቂ ወንዝና በእርሱ የሚጠጣው አትክልት ከባድ ብረታ ብረት እንደ ተገኘባቸው የታወቀ ነው፤ ይህም የተገኘው በመሣሪያ ተለክቶ ነው እንጂ በዓይን ታይቶ አይደለም። ስለዚያ ግቢ ውሃም ቢሆን ቡናማው ብረት መሆኑን አሳየን እንጂ ከጀርም ንጹሕ ነው አላልንም። ይህ ሌላ ምርመራ የሚፈልግ ስለ ሆነ ውሃው በላቦራቶሪ እንዲመረመር መክረናል።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን! ከእኛ በኋላ በእነዚህ ወንበሮች ላይ የምትቀመጡ ሁሉ፥ የቀለማቱን ዝርዝር በቃላችሁ ማጥናታችሁን አትተዉ፤ ለፈተና ያስፈልጋችኋል። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ቀለም አጠገብ ሦስት ጥያቄ ጻፉ፦ ይህ አዮን ስንት ኤሌክትሮን አለው? ጎረቤቶቹ እነማን ናቸው? ከብርሃኑስ የትኛውን ወሰደ? መልሱ ከሕጋችሁ ጋር ካልተስማማ ጠርሙሱን አትውቀሱ፤ ሕጋችሁን መርምሩ። ለእኛ አምስተኛው ጠርሙስ ከስድስቱ ሁሉ ይልቅ ያስተማረን ስለዚህ ነው።

ውድ ወላጆቻችን! እናንተ “ሩቅ ካለ ዘመድ ቅርብ ያለ ጎረቤት ይሻላል” ብላችሁ አሳድጋችሁናል። እኛም በላቦራቶሪ ውስጥ ያገኘነው ከዚህ የራቀ አልሆነም። የአዮኑን ቀለም ለማወቅ የሚፈልግ ጎረቤቱን ይጠይቅ፤ በጎረቤቱ ላይ ከመፍረዱም በፊት ጠርሙሱን ከድኖ እስከ ነገ ይታገሥ።